በስማቸው ሥር ምን እንጻፍ? ስለ ሥራና ሹመት የሚነገሩ ተረትና ምሳሌዎች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው የመጣሁት።

እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤቱን የያዙ አንድ አባት አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በ1985 ተቀጥረው ዘንድሮ 60 ዓመት ሞላቸው። ጡረታ ሊወጡ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አለቃ ሆነው አያውቁም። የሥራ መደባቸው የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ ይላል። ሲገቡም ይኸው፣ ሲወጡም ይኸው።

ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት መጡ። የሟች ባለቤታቸውን የሥራ ልምድ ማስረጃ ፈልገው ነው። የፋይል ቁጥር የላቸውም። ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ የለም። እኛ የለም ብለን ልንመልሳቸው ነበር። ጋሼ ግን ሰውየው የተቀጠሩት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። ዓመቱን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉ። በዚያ ዓመት የገባው ማኅደር ሽፋኑ አረንጓዴ እንደነበር ትዝ አላቸው። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጡ። አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ የፋይሎቹን ጠርዝ አንድ በአንድ ገለጡ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። አቧራውን በጋዋናቸው እጅጌ እየጠረጉ ይዘውት ወረዱ። ሴትየዋ እዚያው ቆመው አለቀሱ።

አሁን ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተን በፍሬም የሚሆን የምስጋና ወረቀት ልናሠራላቸው ነው። ጽሑፉ እኔ ላይ ወደቀ። ማተሚያ ቤቱ የሰጠን ናሙና ላይ ከስሙ ሥር አንድ መስመር አለ። ማዕረግ የሚጻፍበት ነው። ለሌላው ሰው ዳይሬክተር ወይም ሥራ አስኪያጅ ይባልበታል። ለጋሼ እዚያ የሚገባ ነገር አጣን። መስመሩን ማጥፋትም ከበደን። ተረትና ምሳሌ እንጻፍበት የሚል ሐሳብ መጣ።

እኔ የማምነው ይህን ነው። የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ከሹመት ይልቅ ሥራን ያከብራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ውሰዱ። ጥምጥሙ ለዓይን የሚታየው ማዕረግ ነው። ትምህርቱ ግን ሌሊት የተለፋበት ሥራ ነው። የቱ እንደሚቀድም ተረቱ በግልጽ ነግሮናል። እስቲ ሥራው ከማዕረጉ ለበለጠ ሰው የሚሆን አባባል ወዲህ በሉ። ተሳስቼም ከሆነ ንገሩኝ።

መልሶቹ

በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ መልስ መጣ። ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ዘግይታችሁ ለምትገቡ እንዲመቻችሁ በራሴ ቃል እያሳጠርኩ በየቁጥራቸው አስቀምጣለሁ።

መልስ 1 የመጣው ጡረታ ከወጡ አንድ መምህር ነው። መጀመሪያ ለጋሼ ዕድሜና ጤና ተመኙ። ከዚያ ሙያ በልብ ነው የሚለውን አባባል አቀረቡ። ሥራውን ሳያወራ የሚሠራ ሰው የሚመሰገንበት ከዚህ የተሻለ ቃል እንደሌለ ነው የጻፉት። እኔም አንብቤው ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር።

መልስ 2 ግን በትሕትና አንድ ነገር አነሳ። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ዝም ለሚል ሰው ነው። ምስጋናን በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ከሰቀሉ በኋላ ሙያ በልብ ነው ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል። አባባሉ ሰውየው ራሱ በልቡ የሚይዘው እንጂ ሌላው የሚለጥፍለት አይደለም። እውነት አለው። ወረቀቱን ዓይኔ ላይ አምጥቼ ሳየው አልተመቸኝም።

መልስ 3 ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን ሰጠን። መልስ 4 ወዲያው ደነገጠ። ገና በጤና ለሚኖር ሰው፣ ያውም በጡረታው ዕለት፣ መቃብር የሚል ቃል እንዴት ይጻፋል? ልጆቻቸው ሲያነቡት ምን ይላሉ? መልስ 5 ላይ የመልስ 3 ጸሐፊ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። እሱ ባደገበት ቤት በሕይወት ላለ ሰውም ይባል እንደነበር አስረዳ። በምትኩ ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 7 መጀመሪያ ላይ ያለውን አመጣ። ከመልካም ሽቱ መልካም ስም ይሻላል የሚለውን ነው። ይህ ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋ ደንብ ነበር። መልስ 6 መጣና ነገሩን አጦዘው።

ይህ ጸሐፊ የእኔን እምነት ከሥሩ አፈረሰው። ተረቶቻችን ሥራን ያከብራሉ ማለት ራስን ማታለል ነው ባይ ነው። ማስረጃውን ደረደረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ሥራ የሚያወራው የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱ መብላት ነው፣ አንዱ መፍራት ነው፣ አንዱ ማጎንበስ ነው፣ አንዱ መጠጋት ነው። ከሺህ ተረት አንዱን መርጦ ቋንቋው ሁሉ እንዲህ ነው ማለት እንደማይገባኝም ነገረኝ።

አነጋገሩ ጠንከር ያለ ነበር። ግን አልዋሸም። እነዚህን ተረቶች ሁሉ እኔም ስሰማ ነው ያደግሁት። ተረት ሳነሳ የሚመቸኝን ብቻ መርጬ እንደነበር ገባኝ።

መልስ 7 ተረቱን ከታሪክ ጋር አያይዞ ለማስረዳት ሞከረ። በድሮው ሥርዓት ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም። ንጉሡ አገር ይሰጠዋል። ከዚያ አገር ከሚገባው ግብር ራሱም ይኖራል፣ ወታደሩንም ያበላል። ስለዚህ መብላት ማለት ያኔ በሕግ የተሰጠ ኑሮ ነበር። ሹም ሽሩ ደግሞ ድንገተኛ ነው። ዛሬ የተሾመ ነገ ይሻራል። ተረቱ የወጣው ከዚህ ስጋት እንጂ ከሌብነት አይደለም ሲል ተከራከረ። ታዲያ ደመወዝ ከመጣ በኋላ ተረቱ ለምን አብሮ አልተሻረም የሚለውን ጥያቄ ራሱ አንስቶ ሳይመልሰው አለፈ።

መልስ 8 ክርክር ውስጥ አልገባም። የራሱን ገጠመኝ ነገረን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡድን መሪ ሆኖ ተሾመ። ቤተ ዘመድ ደስ ብሎት ተሰበሰበ። ቡና እየተጠጣ ሳለ አንድ የሚያከብራቸው ዘመዱ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ሲሾም ያልበላ የሚለውን ተረት ጀመሩለትና መጨረሻውን ለእሱ ተዉለት። ክፋት አልነበራቸውም። እንደ ምክር ነው የሰጡት። እሱ ግን ሲኒውን ይዞ ቀረ። በማግስቱ ቢሮ ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ያንን ተረት እያሰበ የሚያየው መሰለው። ሁለት ዓመት ሠርቶ በራሱ ፈቃድ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። እስከ ዛሬ ዘመዱ ሞኝ ነው ይሉታል። ይህን መልስ ሳነብ ሆዴ ተረበሸ። አንድ ተረት ሰው ላይ እንዲህ ይከብዳል።

መልስ 9 ለእሱ ማጽናኛ ነበር። ለተሾመ ሰው የሚባል ሌላ ቃልም እንዳለን አስታወሰን። ሹመት ያዳብር እንላለን። ጸሐፊዋ የእርሻ ባለሙያ ናት። ማዳበር የመሬት ቃል እንደሆነ ገለጸችልን። ማዳበሪያም ከዚያው ነው የወጣው። የዳበረ መሬት የተሰጠውን አብዝቶ ይመልሳል። እና ምርቃቱ ሹመቱን እንደ እርሻ ያየዋል። ሲሾም ያልበላ የሚለው ደግሞ እንደ ማዕድ ያየዋል። በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለቱም አሉ። የትኛውን ለልጆቻችን እንደምንነግራቸው መምረጥ የእኛ ድርሻ እንደሆነ ነው የጨረሰችው። መልስ 6 እንኳን ይህን አመስግኖ አለፈ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ከተረቱ ወደ ማዕረጎቹ ስም ዞረ። ለእኔ ከሁሉም የጣመኝ ይህ ክፍል ነው።

መልስ 10 ማዕረግና ሥራን ማጣላት ራሱ ስህተት እንደሆነ አመለከተ። የድሮ ማዕረጎቻችን የሥራ ስሞች ናቸው። ግራዝማች ግራውን ጦር የሚያዘምት ነው። ቀኛዝማች ቀኙን። ፊታውራሪ ከፊት እየቀደመ የሚወርር ነው። ነጋድራስ የነጋዴዎች ራስ ነው። አፈ ንጉሥ የንጉሥ አፍ ሆኖ የሚፈርድ ነው። እንደራሴ ሲባል የላከው ሰው እንደ ራሴ ቁጠሩት ማለቱ ነው። በዛሬው ወታደር ቤት እንኳ ሻለቃ ሺ አለቃ ነው፣ የመቶ አለቃም የመቶ ሰው አለቃ ማለት ነው። ማዕረግ ባዶ የሚሆነው ሥራው ቀርቶ ስሙ ብቻ ሲሰጥ ነው። በጻፈው ውስጥ ባላምባራስንም የራስ ባለሟል አድርጎ ተርጉሞት ነበር።

መልስ 11 ይህችን አረመ። ባላምባራስ ባለ አምባ ራስ ነው። አምባ የሚጠብቅ፣ የአምባው አዛዥ። እርማቱ ደረቅ ነበር፣ ሰላምታም አልነበረው። ግን አንድ ዕንቁ ጨመረ። ሊቀ መኳስ የሚባለውን ማዕረግ አነሳ። የዚህ ሰው ሥራ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ንጉሡን መምሰል ነበር። ጠላት ንጉሡ ነው ብሎ ወደ እሱ እንዲተኩስ ነው። የማዕረጉ ክብር የሚከፈለው በነፍስ ነው ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ያንን ልብስ ማልበስ ስጦታ ነው ወይስ ፍርድ? ለባሹ ጠዋት ሲያጠልቀው ምን ይሰማው ነበር?

መልስ 12 ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ይዞ መጣ። በ1874 በእምባቦ ጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። በ1900 የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ከእሳቸው በላይ ራሶችም ደጃዝማቾችም ነበሩ። እሳቸው ግን በ1919 እስኪሞቱ ድረስ ፊታውራሪ እንደተባሉ ቀሩ። ራሶቹም ነገር ሲከብድ ምክር የሚጠብቁት ከእሳቸው ነበር። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነው። ጸሐፊው ለእኔ የላከው መልእክት ግልጽ ነበር። ማዕረጉ ዝቅ ያለ መስሎ ሥራው ከፍ ያለ ሰው በታሪካችን አለ፣ ለጋሼ አታፍሩ የሚል ነው።

መልስ 13 ባልቻን ጨመረ። በአድዋ ጊዜ ባልቻ በጅሮንድ ነበሩ። በጅሮንድ ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ነው። ሕዝቡ ግን በግጥሙ የሚያስታውሳቸው በመድፋቸው ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ የተተኩ ጀግና አድርጎ ነው። በሰነድ የተጻፈው ማዕረግ ሌላ፣ በሰው አፍ የቀረው ሥራ ሌላ።

መልስ 14 ላይ አንዲት እህት በቁጣ ገባች። ከላይ እስከ ታች ጦር ብቻ እያወራን እንደሆነ፣ አንድም ሴት እንዳላነሳን ጻፈች። አልተሳሳተችም። እቴጌ ጣይቱ በመቀሌው ከበባ ምንጩን ያስያዙት ሥራ አይደለም ወይ ብላ ሞገተችን። ከዚያ ወደ መልስ 1 ተመለሰች። ሙያ የሚለው ቃል ራሱ ለወንድና ለሴት እኩል እንዳልሆነ አሳየችን። ወንድ ባለሙያ ነው ሲባል አናጢ ወይም ሐኪም ወይም ጀግና ነው። ሴት ባለሙያ ናት ሲባል ግን ወጧ ጣፋጭ ነው ማለት ነው። የእሷ እናት 40 ዓመት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ሠርታለች። የሠራችው ሁሉ በዕለቱ ተበልቶ ያልቃል። ማኅደር የለውም፣ ወረቀት የለውም። ማዕረጓ ወይዘሮ ነው። እሱም ቢሆን ድሮ የመኳንንት ሴቶች መጠሪያ የነበረ፣ ኋላ ለሁሉም የተዳረሰ ነው።

መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር አከለች። እናቷ የሚሰማት ምስጋና አንድ ብቻ ነው። እንግዳ በልቶ ሲነሳ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ይላታል። እናቷ ያኔ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዞር ትላለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ሴትየዋ ታየችኝ።

ለእሷ መልስ የሚሰጥ ሰው ጠብቄ ነበር። መልስ 15 ግን ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ። የዛሬ ሰው ማዕረግ ወዳድ ሆኗል ሲል አማረረ። የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ሁሉ ዶክተር እየተባለ ይጠራል፣ አንድ ግድግዳ ያስገነባ ሁሉ ኢንጂነር ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚለውን አመጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለውንም ደገመ። የተማረ ሁሉ በስሙ ፊት ያለውን ቢያወልቅ አገር ይቀላታል እስከማለት ደረሰ።

መልስ 16 ከአንዲት ሐኪም መጣ። ተቆጥታለች፣ ግን ንግግሯ የተለካ ነው። ያለ ሥራ ማዕረግ የያዘውንና ሠርቶ ያገኘውን በአንድ ከረጢት መክተት ግፍ እንደሆነ አስረዳች። እሷ ዶክተር ስትባል የሚታያት ወንበር አይደለም። እንቅልፍ ያጣችባቸው የተረኝነት ሌሊቶች ናቸው። በሽተኛውም ዶክተር ሲላት እያሞገሳት አይደለም፣ ሥራሽን ሥሪልኝ እያላት ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የሚለውን ተረት ለራሷ እንደምትነግረው ገለጸች። ጨው የሚለው ስም መጥፎ አይደለም። ካልጣፈጠ ነው ችግሩ። እኔ ከሁሉም መልስ ይህን ነው የምደግፈው። መስመሩ ላይ ማዕረግ መጻፍ ነውር አይደለም። የሌለውን መጻፍ ነው ነውሩ።

መልስ 17 ላይ 15ኛው ተመልሶ መጣ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ነበር፣ ባሰበት። ሐኪሟን በማይገባ ቃል ተናገራት። ያንን እዚህ አልደግመውም። መልስ 18 የእኔው ነው። የመጣነው ለአንድ አባት ምስጋና ለመጻፍ እንደሆነ አስታወስኩ። ሰውን መዝለፍ የሚፈልግ ሌላ ቦታ እንዲያደርገው ለመንኩ። እሱም ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 19 ቤቱን አረጋጋው። የግዕዝ ትምህርት ያላቸው ሰው ናቸው። በግዕዝ ገብረ ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራ በግዕዙ ግብረ ሐዋርያት ይባላል። ተግባር፣ ምግባር፣ ግብረ ገብ የሚሉት ሁሉ ከዚህ ሥር ናቸው። ገበሬም ከዚያው ነው። ግብር የሚከፍለው ገባርም ከዚያው ነው። ሥራ የሚለው ቃል መሬት ላይ ካለው ሰው ጋር አብሮ ኖሯል ማለት ነው። ማዕረግ ግን ከዐርገ ነው የመጣው። ዐርገ ወጣ፣ ከፍ አለ ማለት ነው። ዕርገት የምንለውም እሱ ነው። ማዕረግ የወጡበት ደረጃ ነው።

ከዚያ በመነሻው ጽሑፌ ላይ እኔ ራሴ ያላየሁትን ነገር አዩ። ጋሼ ፋይሉን ለማውጣት መሰላል ላይ እንደወጡ ጽፌ ነበር። እኚህ ሰው በየቀኑ ሲወጡና ሲወርዱ ነው የኖሩት ሲሉ ጻፉ። የወጡት ግን ለሌላው ሰው ጉዳይ ነው። ሳነበው ዝም አልኩ። መሰላሉን እኮ በየቀኑ አየዋለሁ። ሦስተኛው እርከን መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል።

መልስ 20 ኀዘን ያለበት ነበር። ደግ ሥራ ምላሽ እንደሌለው ጻፈ። ለዚህ የሚሆን ቃል ቋንቋችን ሞልቶታል። እጄ አመድ አፋሽ ነው ይላል ውለታው የማይታይለት ሰው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላል የተከዳው። ጸሐፊው ወንድሙን አስተምሮ ለቁም ነገር አድርሶ ዛሬ ስልኩን እንኳ እንደማያነሳለት ተናገረ። ብዙ ሰው አይዞህ አለው። መልስ 21 ደግሞ ብድር በምድር እንደሆነ፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንደማይቀር አስታወሰው።

መልስ 22 የመጣው ከዚያችው ስለ እናቷ ከጻፈችው እህት ነው። አሁን ቁጣዋ በርዷል። 21ኛው የጠቀሳቸውን አባባሎች መረመረች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር የሚባለው ለማን ነው? ለግፈኛ ነው። የእጁን አገኘ የሚባለውስ? ክፉ ለሠራ ነው። ሰው ደግ ሠርቶ ተሾመ ወይም ተሸለመ ሲባል የእጁን አገኘ አንልም። ቃሉ ልክ ቢሆንም ጆሮ አይቀበለውም። የሥራ ዋጋ ስንል ቶሎ የሚመጣልን ቅጣቱ ነው። ለደግ ሥራ ግን ሌላ መንገድ አለን። ተረት አንተርትም፣ እንመርቃለን። እጅህ ይባረክ እንላለን። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው እንላለን። ሁለቱም ስለ እጅ ናቸው። ሹመት የላቸውም፣ ስም የላቸውም። ለሠራው እጅ ብቻ ይጸልያሉ።

እና ለጋሼ ተረት መፈለጌን እንድተው መከረችኝ። ምርቃት ጻፍላቸው አለችኝ። የጓዳ ምርቃት ለወንድ አይሆንም የሚል ካለ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ፋይል ሲገልጥ የኖረ አውራ ጣትም ቁርጥማት ያውቃል።

እዚህ ላይ ጉዳዬ አለቀ። ጋሼ በብርድ ጠዋት ጣታቸውን በሻይ ብርጭቆ እንደሚያሞቁ ሁላችንም እናውቃለን።

መልስ 23 ለባዶው መስመር መላ አመጣ። የድሮ ጀግኖች የፈረስ ስም ሥራን ወይም ጠባይን የሚያሳይ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ይህ በደብዳቤ የሚሰጥ ሹመት አይደለም። ሰው ከሰው የሚያገኘው ነው። ፋይል የማይጠፋባቸው ሰው ከሆኑ እናንተ ባልደረቦቻቸው አንድ ስም አውጡላቸው ሲል ነው የጻፈው። የሌለ ማዕረግ ከመጻፍ ሰው ያወጣላቸውን መጻፍ ይሻላል።

መልስ 24 የእኔ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ወረቀቱ ታተመ። ስማቸው በትልቁ አለ። ከሥሩ ባለው መስመር ላይ አባ አይጠፋ ተብሎ ተጻፈ። ስሙን ያወጣችው የጽዳት ባልደረባችን ናት። ከታች ደግሞ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው ይላል። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ይህ የምግብ ቤት ምርቃት እንዳይሆን ፈርቶ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እንዲሁ እንዲያትመው ነገርኩት።

ሽኝቱ ዓርብ ከሰዓት ነበር። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ኃላፊያችን አነበቡትና ለጋሼ ሰጧቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ቀስ ብለው አነበቡ። አባ አይጠፋ የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ማን እንዳወጣው ጠየቁ። የጽዳት ባልደረባችን እጇን አወጣች። ሄደው ጉንጯን ሳሟት። ምርቃቱን ሲያነቡ ግን ምንም አልተናገሩም። ፍሬሙን በቀኝ እጃቸው ይዘው የግራ አውራ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። የጣታቸው አሻራ እዚያው ቀረ። ማንም አልጠረገውም።

ሰኞ ጠዋት ከጤና ኬላ አንድ ሰው የአገልግሎት ማስረጃ ፈልጎ መጣ። አዲሷ ሠራተኛ እስከ አራት ሰዓት ፈልጋ አጣችው። ሊደወል አይገባም፣ ሰውየው ዕረፍት ላይ ናቸው ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ ደወልኩ። የሰውየውን ስምና የተቀጠረበትን ዓመት ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከመስኮቱ በኩል ያለው ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከሰማያዊው ቦክስ ፋይል ጀርባ፣ የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተጣብቆ እንዳይሆን እይ አሉኝ። ልጅቷ መሰላሉ ላይ ወጣች። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅሁ።

እዚያው ነበር።